ሚኒባሱ ከመነሳቱ በፊት

አክስቴ በሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ወደ ደሴ የሚጭን ሚኒባስ ሳታይ አታልፍም ነበር። ጋቢ የተከናነበ በሽተኛ ካየች መስኮቱን ታንኳኳና አስታማሚውን፣ «ልጄ፣ ጤና መድን አላችሁ? ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችኋል?» ትለዋለች። ያለዚያ ወረቀት ሆስፒታል ቢሄዱ መድኑ እንደማይሸፍንላቸው ብዙው ሰው የሚያውቀው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። እሷም ባሏን ስታስታምም በዚህ ተንገላታለች። ስለዚህ በሽተኛውንም አስታማሚውንም አስወርዳ፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራቸው ትሄድ ነበር። ሻይ እንኳ ቢጋብዟት አትቀበልም ነበር።

ከሹፌሮቹ አንዱ፣ «እማማ፣ ሰው እኮ እየጮኸብኝ ነው!» ሲላት፣ «አብሽር፣ አሁን መጣን» ነበር መልሷ።

በመጨረሻ በሽተኛዋ እሷ ሆነች። ሪፈሯን ይዤ በዚያው ሹፌር ሚኒባስ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልንነሳ ስንል ከጋቢዋ ውስጥ ቀና ብላ፣ ከኋላችን አባቱን ደግፎ የተቀመጠውን ጎልማሳ አየችው።

«አንተስ ልጄ፣ ሪፈር ይዘሃል?»

አልያዘም።

«በሉ አውርዱኝ፣ ልውሰዳቸው» አለች። መነሳት ግን አቃታት።

ሹፌሩ፣ «እርስዎ ይቀመጡ፣ እማማ» አለና ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው ወደ ጤና ጣቢያው አዞረው። ያን ቀን ማንም አልጮኸም።

ከደሴ በሕይወት አልተመለሰችም። አላህ ጀነቱን ይወፍቃት።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ሪፈር ያልያዘ በሽተኛ አለ?» ብሎ ጠየቀ። የለም አልነው። እሱ ግን ወዲያው አልተነሳም፤ መስኮቱ እስኪንኳኳ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየ።