ጓዱ ሳሎን፣ እኔ ጓዳ

ደህና ዋልህ፣ ደህና አደርሽ፣ ደህና ግቡ ሲባባል የሚውል ሕዝብ «ደህንነት» የሚለውን ቃል ሲሰማ አጥር ዘሎ የሚጠፋበት ዘመን ነበር። ቃሉ ምንም አላጠፋም። አንድ መሥሪያ ቤት ወሰደና ስሙ አደረገው፤ ከዚያ ወዲያ በደህናው ትርጉሙ የሚጠራው ሰው ጠፋ። ባሕር ዳር ውስጥ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ቀርተው ነበር፤ እሳቸውም ለጥቂት ሳይገድሉኝ ቀሩ።

ሰውዬው አባቴ በሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሥራ ደህንነት ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ሥራቸው ማሽን የሰው ጣት እንዳይበላ፣ ጥጡ አጠገብ ሲጋራ እንዳይጨስ መቆጣጠር ነበር። ታዲያ የገና ሰሞን አለቆቻቸው በዓልን ያለ አደጋ ስለማክበር ዘመቻ አወጁ። ያኔ ዘመቻ የማይታወጅበት ነገር አልነበረም። ሰውዬው በየሠራተኛው ቤት እየዞሩ በቤት፣ በሥራና በመንገድ ስለሚደርስ አደጋ እንዲያስተምሩ ታዘዙ። እሳቸውም በየበሩ ቆመው በዚያ በሚያስገመግም ድምፃቸው «ከደህንነት ነው የመጣሁት!» ማለት ጀመሩ።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆን ውጤት ያልመጣልኝ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ግን በማዕረግ ያለፍሁ ጎረምሳ ነበርሁ። ጥሪው ሲመጣ እናቴ ለቀበሌው «አንበሳሜ አክስቱ ዘንድ ሄዷል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንግሥት ዘንድ አንበሳሜ፣ በአካል ግን ቤታችን ውስጥ ነበርሁ፤ ሰው በመጣ ቁጥር ጓዳ እገባለሁ። በሳቅ እንዳወራው አይታይብኝ። ከሰፈራችን ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከተጫኑት ጓደኞቼ የተመለሰ አላየሁም፤ እናቴም ያንን እያሰበች እንቅልፍ አልነበራትም።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። ታላቅ እህቴ ሳሎኑ ጥግ የከሰል ማንደጃ ላይ ድስት ጥዳ የዶሮውን ሽንኩርት ታቁላላለች። ከግራ በኩል ያለችው ጎረቤታችን አንገቷን በአጥሩ አሾልካ፣ «ደህንነት መጥቷል! እኔን ጨርሶ ወደናንተ ነው። ከሰል ታነዳላችሁ ወይ እያለ ይመረምራል!» ብላ ተሰወረች። ከሰልና መንግሥት ምን እንዳጣላቸው የጠየቀ የለም። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

ቤታችን ሁለት የሚደበቅ ነገርና አንድ ጓዳ ነበረው። እናቴ እኔን ገፍታ አስገባችኝ። እህቴ ደግሞ ማንደጃውን ከነእሳቱ፣ ከነድስቱ አስከተለችብኝና ማማሰያውን አስጨብጣኝ፣ «እንዳታሳርረው! ካረረ ይሸታል» አለችኝ። መስኮት የሌለው ጓዳ ነው። በሩን ዘጋችና ሽታው እንዳይወጣ ከሥሩ ጆንያ ጠቀጠቀችበት። እኔም በጨለማ ቁጢጥ ብዬ ሽንኩርት ማማሰል ጀመርሁ።

«ይግቡ ጌታዬ ጓድ!» አለች እናቴ። ጌታዬ ማለት ቀርቷል ሲባል ሰምታለች፤ ጓድ ብቻ ማለቱ ግን ለእንዲህ ያለ ሰው አነሰባት። ጓዱ ሳሎን ተቀመጡ፤ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ «ወንድ ልጅ የለንም» አለች። «ማለቴ አለን፤ አንበሳሜ ነው።»

«ለበዓል አይመጣም?»

አይመጣም ብትል ለምን ሊባል ነው፤ ይመጣል ብትል ሊጠብቁኝ ነው። እናቴ «ይመጣል» አለች።

«በምን?»

«በእግሩ።»

«ከአንበሳሜ በእግሩ!» ሰውዬው ከልባቸው ደነገጡ። «እንግዲያው የቤቱን አቆይቼ ከመንገዱ ነው የምጀምርልዎ።»

ለሌላው ሁሉ ከቤት ውስጥ ነበር የሚጀምሩት። በእናቴ ውሸት ምክንያት የኔ ሕይወት ያለበት ትምህርት ወደ መጨረሻ ተገፋ።

መንገዱ ረዘመ። እግረኛ መኪናውን ፊት ለፊት እያየ ይሂድ አሉ። ከማክሰኝት በጭነት መኪና ከበሬ ጋር ተሳፍሮ መምጣት እንደማይገባ አስረዱ። ከደልጊ በታንኳ በግ የሚያመጣ ሰው በጉን አስሮ ያስተኛው፤ በግ ተነሥቶ ከቆመ ታንኳው ይገለበጣል አሉ። እናቴ በግም ታንኳም አልነበራትም፤ ግን ለሁሉም «እሺ ጌታዬ ጓድ» ትላለች።

«ሲመሽ እንዲታይ ነጭ መልበስ አለበት። ልጅዎ ምን ለብሷል?»

«ነጭ! ነጭ በነጭ ነው የለበሰው።»

እኔ ቡናማ ሹራቤን ዳበስሁና አፈርሁ።

እናቴ ሰውዬው እንዲለሰልሱላት ጠላ አቀረበች። የለሰለሰ ሰው ቶሎ እንደማይነሣ አላሰበችም። ሰውዬው በሥራ ላይ አልጠጣም ብለው ጥቂት ተግደረደሩና ያዙት። ከዚያ ወደ ሥራው ምዕራፍ ገቡ። አባቴ ፋብሪካ ስለነበር ትምህርቱን የምትቀበልለት እናቴ ነበረች።

«በበዓል ማግስት ጠላ የቀመሰ ሰው ማሽን አጠገብ እንዳይደርስ ይንገሩልኝ» አሉና፣ «ትንሽ ይጨምሩልኝ» አሉ።

ጭንቅላቴ መውቃት ጀምሮ ነበር። ሽንኩርቱ ነው አልሁ። ቆይቶ አቅለሸለሸኝ፤ ፍርሃቱ ነው አልሁ። ከዚያ ግን አንድ የሚጥም ድካም መጣና ፍርሃቱን ወሰደልኝ። እውነትም ከአንበሳሜ እየመጣሁ ያለሁ መሰለኝ። ነጭ በነጭ ለብሼ፣ በመንገዱ ግራ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየሁ። ማማሰያዋ ከእጄ ልትወድቅ ስትል ነቃ አልሁ።

«አሁን ወደ ቤት እንግባ» አሉ ጓዱ። «ከሰል።»



«የሚጨስ እሳት ያስለቅስዎታል፤ ይሸሹታል። የከሰሉ መርዝ ግን አይታይም። መስኮት የሌለው ክፍል ገብቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከሥሩ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ማለት… በቃ መቃብር ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል።»

አሞኛል።

«ከዚያ ያቅለሸልሻል።»

እሱንም አልፌዋለሁ።

«ቀጥሎ ጉልበት ይከዳል።»

ልነሣ ሞከርሁ፤ ከድቶኛል።

«በመጨረሻ እንቅልፍ ይመጣል፤ ጣፋጭ እንቅልፍ ነው። እሱን የተኛ አይነሣም።»

ውጭ ያለው ሰው ደህንነት ነው፤ ብወጣ ወደ ሰሜን ነኝ። ውስጥ ያለው ከሰል ነው። የማስበው በዝግታ ነበር፤ ግን ሰሜኑ ቢያንስ አየር አለው እስከሚለው ደርሻለሁ። የመጮህ አቅም ግን አልነበረኝም።

«እማዬ!» ስትል ሰማሁ እህቴ። ወንድሜ ማለት አልቻለችም። «እማዬ፣ ሽንኩርቱ!»

አንድ ብርጭቆ ተሰበረ። ከዚያ ጆንያው ከበሩ ሥር ተመዝዞ ወጣ። እናቴ በዚያ ሰው ፊት፣ በገዛ እጇ፣ ስትዘጋው የኖረችውን በር ከፈተችው። ምን እየከፈተች እንደነበር ታውቃለች።

ማማሰያዬን እንደያዝሁ በእንብርክኬ ወጣሁ። እናቴ ሰውዬው እግር ሥር ተደፍታ «ጌታዬ ጓድ! ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው!» ትላለች። እሳቸው ግን ተሻግረዋት መጥተው ብብቴን ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቱኝ። ሣሩ ላይ አስተኙኝ፤ የአንገቴን ቁልፍ ፈቱልኝ፤ በባርኔጣቸው ያራግቡልኝ ጀመር። የጣና ነፋስ ያን ቀን እንደጣፈጠኝ ምንም ዓይነት ዶሮ ወጥ ጣፍጦኝ አያውቅም። መተንፈሴን ካዩ በኋላ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ጓዳ ገቡና ማንደጃውን አወጡት። ተመልሰው ገብተው ድስቱንም አመጡ። ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ ሲያደርጉት ይሰማኛል።

ሲወጡ እናቴና እህቴም ሣሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። ሕይወቴ በሚቀጥለው ቃላቸው ላይ ነበረች።

«አንበሳሜ ያለው ልጅ ነው?» አሉ።

እናቴ መዋሸቱን ማቆም አቃታት። «አዎ ጌታዬ፤ አሁን ገባ።»

ሰውዬው ቡናማ ሹራቤን አዩት። ማማሰያዬን አዩት።

«እንኳን በሰላም ገባህ» አሉኝ። «መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና» አልሁ።

ከዚያ ያ የሚያስገመግመው ድምፃቸው እንዴት እንደጠፋ አላውቅም፤ ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ነበር የተናገሩት። «ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አያስቸግርም። በጓሮ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ያውጡለት። ከመንገድ አትታይም። እኔም ለልጄ እንዲያ አድርጌለታለሁ።»

ባርኔጣቸውን አራግፈው አደረጉና ወጡ። በስተቀኝ ያሉት ጎረቤቶቻችንም ከፋብሪካው ናቸው፤ የነሱም ልጅ ለቀበሌው «ሞጣ ሄዷል» የተባለ ነበር። ሰውዬው በራቸው ላይ ቆመው «ከደህንነት ነው የመጣሁት!» ሲሉ ከወዲያ የኮቴ ጋጋታ፣ የድስት መንኳኳት፣ የበር ድምፅ ሰማን። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ በባዶ እግሯ ወደ አጥሩ ሮጠች።

«ኧረ ማንደጃውን አውጪው!» አለች በአጥሩ ቀዳዳ፤ እኔ እስክሰማው ድረስ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። «ልጁን ተይው! ማንደጃውን ብቻ አውጪ!»

ሰውዬው አልሰሙም ለማለት አይቻልም፤ እዚያው ነበሩ። ደግመው አላንኳኩም። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ሳሉ፣ እንደገና ጠረጉ።

«አልቸኩልም» አሉ ወደ በሩ። «ስትጨርሱ ክፈቱልኝ።»