ወንዝ መሀል የታሰረ ኒካህ

ሀርጌሳ ባሕር የላትም። ዝናብ ሲመታት ግን ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ድንገት ይሞላና፣ በተሳሳተው ዳር የተገኘ ሁሉ የደሴት ነዋሪ ይሆናል። ያኔ መርከባችን ከነቢዩ ኑህ ዘመን የተረፈ አንድ የጭነት መኪና ነው። ሰው፣ ፍየል፣ ፍራሽ፣ ባጃጅ፣ ያገኘውን ይጭናል። ሾፌሩ ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ «ሞላ» የሚለው ደግሞ የሰው ጉልበት ጆሮህ ውስጥ ሲገባ ነው።

የወንድሜ ልጅ ኒካህ በሚታሰርበት ቀን ወንዙ ሞላ። ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልጅቷን ሕፃን ሳለች ነው ትቷት የሞተው፤ አሳዳጊዋም፣ ለባል የምሰጣት ወሊዋም እኔ ነኝ። ያለ እኔ ቃል ኒካህ የለም። ሙሽራው በማግስቱ ለሥራ ወደ ጅዳ ይበራል፤ ዛሬ ካልታሰረ መቼ እንደሚመለስ አላህ ይወቀው። እኔ ጅሉ ደግሞ ጢሜን ልስተካከል ብዬ በጠዋት ተሻግሬ እዚያው ቀረሁ።

ኒካሁን የሚያስሩት ሸኽ ጋ ደወልኩ። «ልጅቷን በስልክ ልስጥና ይሰሩልኝ» አልኳቸው።

«ስልክ ወሊ ሆኖ አያውቅም። በዓይኔ ካላየሁህ አላስርም» ብለው ዘጉብኝ።

መኪናው ላይ ወጣሁ። ልንነሳ ስንል የጫት ባጃጅ መጣ። እዚህ አገር አምቡላንስ ቆሞ ጫት ያልፋል! ሁላችንም ወረድን፤ ባጃጁ በሳንቃ ተገፍቶ ወጣ፤ እኛም በተረፈው ቦታ ተጠቀጠቅን። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ጆንያዋን እግሬ ላይ ጣለችው።

ወንዙ መሀል ስንደርስ አንድ ሰውዬ ከማዶ «ከጥሩው ጫት አስቀርልኝ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌራችን ሊመልስለት ቆመ። ውሃ ውስጥ፣ አሸዋ ላይ፣ ቆመ! እዚህ ወንዝ ውስጥ የቆመ ጎማ እንደሚሰምጥ ፍየሉ እንኳ ያውቃል። ሰመጥን።

«ውሃው ኢንሻአላህ ይጎድላል» አለ ሾፌሩ፣ ቅጠሉን በጉንጩ እያገላበጠ።

«መቼ?»

«አዴር» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «ምን አስቸኮለህ? ሠርግ አለብህ እንዴ?»

ላንቀው እጄን ስዘረጋ ሸኹን አየኋቸው። መስመጣችንን ሰምተው፣ ሙሽራውንና ሽማግሌዎቹን አስከትለው ማዶ ዳር ቆመዋል።

«አሁን አየሁህ! በል ስጥ!» ብለው ጮኹ።

ጋቢናው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አፌን ከመክፈቴ ሽንኩርት ነጋዴዋ ከሥር ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ልጅቷ ወዳዋለች? ጠይቃችኋታል?»

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ምስክር ነኛ!»

«ጠይቀናታል!»

«ሰውዬውስ ይቅማል?» አለ ባለ ፍየሉ።

«አይቅምም!»

«እንግዲያ ምን ዓይነት ባል ነው?» አለ ሾፌሩ ከታች።

ሁሉንም ባለኝ ድምፅ ዋጥኳቸው። «የወንድሜን ልጅ ድሬልሃለሁ!»

«ተቀብያለሁ!» አለ ሙሽራው ከማዶ። መኪናው ሙሉ እልል አለ፤ ፍየሉም ያቅሙን አገዘ። ማዶ ያሉት ተቃቀፉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ወደ ምሳቸው!

«እኔስ?» ብዬ ጮኽኩ።

«አንተማ ጨርሰሃል!» አሉ ሸኹ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

ስልኬ ጠራ። ልጅቷ ናት። «አባ፣ ታሰረ?»

«ታሰረ፣ ልጄ።»

አለቀሰች። እኔም ጋቢናው ላይ እንደ ቁራ ተቀምጬ አለቀስኩ። አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። «ሩዙ ቀዘቀዘ እኮ!»