የስምዖን ተራ

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ በጾሙ ወራት በየዓርቡ ፍኖተ መስቀል ሲጸለይ፣ መስቀሉን ተሸክሞ ምእመኑን በግድግዳው ላይ ካሉት የጌታ ሕማማት ሥዕሎች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመራው አናጢው ነበር፤ መስቀሉንም የጠረበው እሱ ነው። ዘንድሮ ግን ቄሱ ለአናጢው ሚስት ወንድም፣ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጡበትና አንጀቱ አረረ።

«እንደ ማበጠሪያ ይዞታል» አላት ሚስቱን።

«ዝም ብለህ ጸልይ።»

አምስተኛው ሥዕል ጋ ሲደርሱ፣ ቄሱ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ተሸክሞ ጌታን እንዳገዘው አነበቡ። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻው ዝሎ ነበርና ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ያዝልኝ» አለ በሹክሹክታ። አናጢው ልቡ ቅቤ ጠጣ።

በሚቀጥለው ሥዕል ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘረጋ፤ አናጢው እንዳላየ ሆነ። በሌላውም ዘረጋ። በመጨረሻው ሥዕል ጌታ መቃብር እስኪገባ ድረስ መስቀሉ ከአናጢው ትከሻ አልወረደም።

ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። «ስምዖንን አስገድደው ነው ያሸከሙት» አለችው፤ «አንተን ማን አስገድዶ ያስጥልህ?»