ሙሉ ነው ብዬ የፈረምኩት

ከናዝሬት ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ጣቢያ ሲተከል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጣቢያ ሲሉት ትልቅ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር። ሁለት ክፍል ያላት የብሎኬት ቤት፣ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ፣ ከጀርባ ደግሞ ጄኔሬተር የቆመባት የቆርቆሮ ዳስ ናት፤ በቃ። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ሥርጭት ተቀብለን ለከተማውና በዙሪያው ላሉት መንደሮች እንለቅ ነበር። ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን የነበራቸው ጥቂት ሰዎች በመስኮቱ ላይ የሚያዩት የሚርመሰመስ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነበር።

ሦስት ሆነን ነበር የምንሠራው። ኃላፊያችን የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሙያቸውን በጦር ሠራዊት ሬዲዮ ክፍል የተማሩ፣ ሲናደዱም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ዘበኛው ከወለንጪቲ ገጠር የመጡ ኦሮሞ ሽማግሌ ሲሆኑ የሚያድሩትም እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው። ጠዋት ኮረብታውን ጨርሼ ስደርስ «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ረዳት ቴክኒሺያን።

ሥራውን እወደው ነበር፤ ግን በፍርሃት ነበር የምሠራው። ሥርጭቱ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከተቋረጠ ምክንያቱ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ምክንያቱ የመንግሥት ካድሬዎችን ካላረካቸው አንዲት ቃል አለቻቸው፤ አሻጥር። በዚያች ቃል የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ሌላው ፍርሃቴ ቤት ነበር። አባቴ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ በጊዜው አጠራር «ጴንጤ»። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ የሚሰበሰቡት እኛ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ መዝሙሩንም በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። ሥራ ስቀጠር ሃይማኖት በሚለው መስመር ላይ «ክርስቲያን» ብዬ ብቻ አለፍኩ። «የትኛው እምነት?» ብሎ አንድ ቀን አንድ ሰው ይጠይቀኛል እያልኩ ነበር የምኖረው።

የአብዮቱ በዓል የሚውለው በአዲስ ዓመት ማግስት ነው። በዓሉ በቀጥታ ስለሚተላለፍ በየቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡ ተሰብስቦ እንዲያይ ታዝዟል። በዋዜማው ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ጋሼ ወደ ቤታቸው ከመውረዳቸው በፊት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ነገ ቀልድ የለም። መብራት ከሄደ ተስፋችን ሞተሩ ነው። ታንከሩን ሙዪና መዝገቡ ላይ አስፍረሽ ሂጂ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ናፍጣውን ከበርሜል ወደ ሞተሩ ታንከር በእጅ ፓምፕ መሳብ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እኔ ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም። አባቴ ጠዋት «በአሥር ሰዓት ድረሺ፤ በሩን የምትጠብቂልን አንቺ ነሽ» ብለውኛል። አዲስ ዓመት ስለሆነ በራፋችን ላይ የእንግዳ ጫማ ቢደረደር ማንም አይጠረጥርም፤ ስለዚህ ከደራ ከተማ ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። ግን የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ያስፈልጋል።

ፓምፑን ጥቂት ጊዜ ገፋሁት። አየር እየሳበ አስቸገረኝ። ነገ ማልጄ መጥቼ እሞላዋለሁ አልኩና ተውኩት። መዝገቡን ገልጬ «ታንከር፦ ሙሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ዘበኛው ከዳሱ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ነጋቲ» ብለው ደህና ሁኚ ለማለት እጃቸውን አነሱልኝ። እየሮጥኩ ወረድኩ።

በማግስቱ ገና ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ኮረብታው ላይ ነበርኩ። በሩ ላይ ግን የአንድ ካድሬ መኪና ከነአጃቢዎቹ ቆሟል። ቀኑን ከእኛ ጋር እንዲውል ተመድቦ ኖሮ የጋሼን ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ መዝገቡም ፊቱ ተዘርግቷል። ሙሉ ነው ብዬ የፈረምኩትን ታንከር ምን ብዬ በፊቱ ልሙላው? እጄን አጣምሬ መብራት እንዳይሄድ ብቻ መጸለይ ጀመርኩ።

ወደ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

ጋሼ ሞተሩን አስነሱት። ምስሉ ተመለሰ፤ ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ ከዚያም ንግግሩ ጀመረ። ሰባት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጸጥ አለ። ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ጋሼ ሮጠው ወጡ። የታንከሩን ክዳን ከፍተው አዩ፤ በእጃቸውም አንኳኩት። «ባዶ ነው» አሉ።

ናፍጣ ቢጨመርም መስመሩ አየር ስለገባበት ሞተሩ ቶሎ አልነሳ አለ። ሥርጭቱ እስኪመለስ አርባ ደቂቃ ሄደ። ምስሉ ሲመለስ ካድሬው መዝገቡን አንስቶ ጮክ ብሎ አነበበ።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ሙሉ። ዛሬ ጠዋት ባዶ። ሌሊት እዚህ ማን ነበር?»

ሁላችንም ዘበኛውን አየን፤ እኔም ጭምር።

«ናፍጣውን ለማን ሰጠኸው?» አላቸው። ዕድሜያቸው አባቱን ያህላል።

«አላውቅም» አሉ።

«ከነማን ጋር ነው የምትሠራው?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከቱ። አስተያየታቸው አልገባኝም ነበር። አጃቢዎቹ መኪናው ላይ ሲጭኗቸው ነጠላ ጫማቸው አንዱ ወልቆ ደጃፉ ላይ ቀረ። እኔ የተናገርኩት ነገር የለም። አፌን ብከፍት ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ለምን ቸኮልሽ?» ነው። ከዚያ ጥያቄ ቀጥሎ ያለው ደግሞ አባቴ፣ ሳሎናችን፣ ከደራ የመጡት ሰዎች ናቸው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ በፊት የፈራሁት ለራሴ ነበር።

በአራተኛው ቀን የዘበኛው ባለቤት ወደ ጣቢያው መጡ። ከወለንጪቲ ስንቅ ይዘው ሄደው እስር ቤቱ አልቀበልም ብሎ መልሷቸዋል። አማርኛቸው እየተሰባበረ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሉኝ።

ጻፍኩላቸው። «ባለቤቴ ምንም ሳያጠፉ ታስረዋልና» የሚለውን መስመር በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብለው እጄን ሳሙኝ።

የዚያኑ ቀን ለጋሼ ነገርኳቸው። የታንከሩን ነገር አንዱንም አልደበቅኩ፤ የጸሎቱን ነገር ግን «የቤት ጉዳይ ነበረብኝ» ብዬ አለፍኩት።

«የአባትሽን ቤት እኔም አውቃለሁ» አሉ ጋሼ። «እንዳላወቅሁ ሆኜ ነው የኖርኩት።»

«ሄጄ ልናገር ጋሼ?»

«ብትናገሪ ሽማግሌውን ይለቋቸዋል? ካንቺ ጋር አብረው ያስሯቸዋል እንጂ። አሲረው ነው ይላሉ።» ተነሥተው ወደ ዳሱ ሄዱ። ታንከሩ ጎን ላይ የናፍጣውን መጠን የሚያሳይ መርፌ ያለው መለኪያ አለ። ፈተው ውስጡን በፒንሳ ጎበጥ አደረጉትና መልሰው አሰሩት። መርፌው «ሙሉ» ላይ ደርቆ ቀረ። «መለኪያውን አይተሽ ነው የጻፍሽው። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።»

ካድሬው በማግስቱ መጣ። ጋሼ የመለኪያው ብልሽት አደጋው ሲጣራ ገና ትናንት እንደተገኘ የሚገልጽ ሪፖርት ሰጡት። መለኪያውን በጣቱ ጠቅ ጠቅ አደረገው። መርፌው አልተነቃነቀም።

«አምስት ቀን ሙሉ አላያችሁትም?» አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዕቃውን መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበር» አሉ ጋሼ።

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ጓዲት? በዓይንሽ ናፍጣውን አየሽ ወይስ ይህን?»

«መለኪያውን ነው ያየሁት» አልኩ። እያየኝ ቆየ። ከፊቴ ላይ የአባቴን ስም የሚያነብ መሰለኝ። ከዚያ ሪፖርቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

ዘበኛው በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈቱ። ወደ ሥራቸው ግን አልመለሷቸውም። ጋሼ በቸልተኝነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ወር ሳይሞላ ጦርነት ወዳለበት ወደ ሰሜን ተዛወሩ። ሊሄዱ ሲሉ መሣሪያቸውን ለአዲሱ ኃላፊ አስረክበው ጨበጡኝና «በርቺ» ብለውኝ ወረዱ። አንድ ጊዜ ሰላምታ በሰው ላኩልኝ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን አልሰማሁም፤ ጠይቄም አላገኘሁም።

የጥምቀት ሰሞን እንደምንም ደፍሬ ወለንጪቲ ሄድኩ። ዘበኛው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የተገረፈው ውስጥ እግራቸው ገና አልዳነም ነበርና በዱላ ነው የሚነሡት። ባለቤታቸው ሲያዩኝ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «ማመልከቻዋ ናት ያስፈታችው!» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አሳዩኝ። እርጎ ሊያመጡልኝ ሲገቡ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ታንከሩን አልሞላሁትም ነበር። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አጠገብሽ ተቀምጬ አልነበር? ፓምፑን ስትተዪው አየሁ። ወዲያው ስትሮጪም አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? እየገረፉዎት!»

ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መሬት ላይ አስቀመጡት። «መጀመሪያ እንድትናገሪ ጠበቅሁ» አሉ። «ዝም ስትዪ ተናደድኩ። እስር ቤት ገብቼ የሴት ልጆችን ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ስሰማ ግን ንዴቱ ጠፋ። አንቺን እዚያ ማምጣት አልቻልኩም።»

ይቅርታ ያድርጉልኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ሳይወጣ ባለቤታቸው እርጎውን ይዘው ወጡ። ሽማግሌው ወዲያው ስለ ብርዱና ስለ ጤፉ ውቂያ ማውራት ጀመሩ። የቀረበልኝን እስከ መጨረሻው ጠጣሁ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ሲል ተነሣሁ፤ እሳቸውም በዱላቸው ተደግፈው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ።