ሁለቱ ሃርዲንጎች

የሲራክ ሽማግሌዎች ራኬብን ሊጠይቁ ሀና ማርያም ወዳለው የእናቷ ቤት በመጡበት እሑድ፣ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎ ነበር። የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ማንም አልፈራውም። የራኬብ እናት የወይዘሮ አስቴር ወገን መንዝ፣ የሲራክ ወገን ድሬዳዋ፤ የትና የት!

ራኬብ ጓዳ ሆና ከመጋረጃው ጀርባ ታዳምጣለች። ሠላሳ ዓመቷ ነው። ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ መካኒሳ አቦ አጠገብ የሴቶች ጸጉር ቤት ከፍታ ራሷንም እናቷንም የምታስተዳድር፣ ሳቂታ፣ ደንበኞቿ ወረፋ ይዘው የሚጠብቋት ልጅ ናት። ሲራክን ያወቀችው የጸጉር ቤቱን መብራት ሊዘረጋ የመጣ ጊዜ ነው። ለቡ በሚገነቡት ቤቶች የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ሁለቱን አብረው ያየ ሁሉ «እህትና ወንድም ትመስላላችሁ» ይላቸዋል፤ እነሱም እንደ ምርቃት ይቀበሉት ነበር። ያን እሑድ ራኬብ ነፍሰ ጡር ናት። ከሲራክ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ወይዘሮ አስቴር የሟች ባላቸውን የአቶ ገሠሠን ወገን ቆጥረው ጨረሱና ወደ ራሳቸው ዞሩ።

«እናቴ ማሚቴ ሃርዲንግ ትባላለች» አሉ። «አባቷ እንግሊዝ ነው። ጣሊያን ሲወጣ ከጦሩ ጋር የመጣ፣ የመኪና መካኒክ ነበር አሉ። እሷ ጡት ሳትጥል አገሩ ገባ፤ በዚያው ቀረ።»

ራኬብ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። የሲራክ አጎት አቶ ወጋየሁ ብርጭቋቸውን ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ እጃቸው መሐል ላይ ቀርቷል።

«ማን አሉኝ?»

«ሃርዲንግ።»

አቶ ወጋየሁ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «የእኔና የሟቹ ወንድሜ እናት ትሩፋት ሃርዲንግ ነበረች» አሉ። «አባቷ እንግሊዝ ነው። እሱም መካኒክ ነበር።»

ሲራክ የወንድማቸው ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ራኬብ ጓዳው ውስጥ ያለው የጤፍ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሰው ከሆነ እሷና ሲራክ የአንድ ሰው የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ሰባት ቤት ይቅርና ከሦስት አላለፉም።

«እንግዲህ ነገሩ እስኪጣራ ይቆይ» አሉ አቶ ወጋየሁ። ማንም «አይሆንም» አላላቸውም። የቀረበውን ምግብ ሳይጨርሱ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ራኬብ መስታወት ፈራች። ጸጉር ቤት ውስጥ ደግሞ ወዴት ዞር ብትል መስታወት ነው። የሰው ጸጉር እየተኮሰች ቀና ባለች ቁጥር አገጯ የሲራክን አገጭ፣ ጆሮዋ የሱን ጆሮ ይመስላታል። አንዴ ራሷን ስታይ ረስታ የደንበኛዋን አንገት በካውያው አቃጠለች። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» ብላ ሴትዮዋ ጮኸች። ራኬብ ይቅርታ እየጠየቀች ወደ ጓሮ ወጣችና አስመለሳት። ማስመለሱ ከእርግዝናው ይሁን ከፍርሃቱ ለይታ አላወቀችውም። በሆዷ ያለውን ልጅ ስታስብ፣ እንዲህ ከሚጋቡ ዘመዳሞች ስለሚወለዱ ልጆች ሰው ሲያወራ የሰማችው ክፉ ክፉው ሁሉ ይመጣባታል።

ሲራክም መደወሉን ቀነሰ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እቤታቸው ድረስ መጣ። እጁ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይዟል፤ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ የጭነት መኪና ተደግፎ የተነሳው።

«አጎቴ ጋ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ ብሏል። «የናንተው ስሙ ማን ነበር?»

«ቶማስ» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«ጀርባውን እዩት። ወልተር ነው የሚለው! ሌላ ሰው ነው!»

ራኬብ ተመስገን ብላ ሳትጨርስ እናቷ ፎቶውን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ከስሙ ቀጥሎ ያለው ምንድን ነው የሚለው?»

«ኤልምስቶክ። የመንደሩ ስም ይመስለኛል።»

የወይዘሮ አስቴር ፊት አመድ መሰለ። «አያቴ እስክትሞት የምትጠራው አገር እሱ ነው» አሉ። «ቶማስ አገሬ ኤልምስቶክ ነው ይላት ነበር።»

ሦስቱም የተረዱት ባንድ ጊዜ ነው። ሁለቱ ሰዎች ወንድማማቾች ናቸው። ሲራክ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።

ራኬብ ግን ተስፋ መቁረጥ አቃታት። እንግሊዝ አገር የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ፎቶ እየተነሳ ኢንተርኔት ላይ እንደሚወጣ ዱባይ ሳለች ከአሠሪዋ ሰምታለች፤ ሴትዮዋ የቅድመ አያቶቿን ስም ስትፈልግ ትውል ነበር። ራኬብም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ስልኳ ላይ ትፈልግ ጀመር። የድሮው የእጅ ጽሑፍ ጠመዝማዛ ነው፤ ፊደሉን ለይታ እስክታነብ ዓይኗ ይደክማል። ገጽ በገለበጠች ቁጥር ቢገኝስ ብላ ትፈራለች፤ ባይገኝስ ብላም ትፈራለች።

መጀመሪያ የወልተር ጥምቀት ተገኘ። አባት ጆርጅ ሃርዲንግ፣ አንጥረኛ፤ እናት ኤለን። የቶማስ ሃርዲንግ ጥምቀት ግን የትም የለም። ኋላ ላይ በፈረንጆቹ 1935 የተጻፈ የጋብቻ መዝገብ ላይ ስሙን አገኘችው። ቶማስ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት አገሩ ላይ አግብቶ ነበር። የሙሽራው አባት በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ጆርጅ ሃርዲንግ፣ አንጥረኛ።

ጸጉር ቤቱን በጠራራ ፀሐይ ዘግታ ወደ እናቷ ሄደች። ወይዘሮ አስቴር ገና ከበሩ አዩዋትና ሁሉንም አወቁ።

«አርግዘሻል አይደል?»

ራኬብ ራሷን ነቀነቀች። እናቷ አልተቆጡም። አጠገባቸው አስቀምጠው እጇን ያዟት። «አያቴ ባሌ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ነው የሞተችው» አሉ። «ለካ ሚስት ነበረው። አሁን ደግሞ ያንቺን ኑሮ ሊያፈርስ መጣ?»

ያም ሆኖ አንድ ነገር ራኬብን ከነከናት። ወልተር እዚያ አጥቢያ ከተጠመቀ፣ ወንድሙ ቶማስ የት ሄዶ ተጠመቀ? የኤልምስቶክ ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ላይ ስልክ ቁጥር ነበር። በማግሥቱ ደወለች። ያነሱት ዶሮቲ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የደብራቸውን የድሮ መዝገብ ሲያገላብጡ የሚውሉ። ከኢትዮጵያ ነው ስትላቸው ደነገጡ። ታሪኩን ነገረቻቸው፤ በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። ራኬብ የደንበኛ ጸጉር እያጠበች ነበር። እጇን ሳታደርቅ አነሳችው።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉ ዶሮቲ። «የቶማስን ጥምቀት ያጣሽው በሃርዲንግ ስለፈለግሽ ነው። የተጠመቀው ቶማስ ፔይን ተብሎ ነው። አባቱ ጆን ፔይን ይባላል፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሞቷል።»

«አልገባኝም።»

«እናቱ አሊስ ባሏ ከሞተ በኋላ ጆርጅ ሃርዲንግን አገባች። የጋብቻው መዝገብ ፊቴ ነው። ሙሽራው ሚስቱ የሞተችበት፣ ሙሽራዋ ባሏ የሞተባት ይላል። ወልተር የእሱ ልጅ፣ ቶማስ የእሷ ልጅ። የሕዝብ ቆጠራውም ቶማስን የእንጀራ ልጅ ነው የሚለው። ስሙን ያገኘው ካሳደገው ሰው ነው።»

በአባትም በእናትም አይገናኙም። ራኬብ አለቀሰች። ጸጉሯ በአረፋ የተሸፈነው ደንበኛ ሰው የሞተ መስሏት ተነስታ አቀፈቻት።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ አንድ ነገር ጠየቀች። «ቶማስ ሲወለድ ጆርጅና አሊስ ይተዋወቁ ነበር?»

«ጎረቤት ነበሩ» አሉ ዶሮቲ። «ትንሽ መንደር ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል።»

ጆርጅ የቶማስ የሥጋ አባት ቢሆንስ? ምነው ባልጠየቅኩ አለች።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ፤ አሁን የራኬብ ንስሐ አባትም አሉ። ሲራክ የመዝገቦቹን ኮፒ እየተረጎመ አነበበ። አቶ ወጋየሁ አቋረጡት። «አንጥረኛው ያሳደገውን ልጅ እንዴት አላስጠመቀውም?»

«የራሱ አባት በሕይወት እያለ ነዋ የተጠመቀው፣ አጎቴ።»

ሰውየው ደጋግመው አስነበቡት። በመጨረሻ ወደ ካህኑ ዞሩ። «እርስዎ ምን ይላሉ አባ?»

«የሥጋ ዝምድና የለም» አሉ ካህኑ። «የሚከለክላቸው ነገር አላይም።»

ራኬብ በሩ ላይ ለብቻቸው አግኝታ ያንን የጎረቤት ነገር ነገረቻቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟት። «ልጄ፣ የሞተች ሴት በጥርጣሬ አትከሰስም» አሏት። «የተጻፈውን ይዘሽ ተጋቢ።»

ሰርጉ ያለ ድግስ፣ በቁርባን ሆነ። ራኬብ ግን እስክትወልድ ድረስ እንቅልፍ አልነበራትም። ክትትል በሄደች ቁጥር «ሁሉም ነገር ሙሉ ነው?» እያለች ሐኪሙን ታሰለቸዋለች። ሰኔ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። አዋላጇ ደኅና ነው አለቻት፤ አላመነችም፤ ራሷ ከእግሩ እስከ ራሱ ዳሰሰችው። ሙሉ፣ ጤነኛ፣ የሚጮህ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

አራስ ቤት ሳለች ከዶሮቲ መልእክት መጣ። ስለ አሊስ ፔይን ሌላም ነገር አግኝቻለሁ፣ ልላክልሽ ወይ ይላል። ሲራክ ልጁን ታቅፎ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ እናቷ አጥሚት እያማሰሉ ነው። ለሁለቱም ምንም አላለችም። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች፦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ፤ ይብቃኝ።» ላከችውና ሲራክን «ስጠኝ ልጁን፣ ላጥባው» አለችው።