ባሩድ ላይ ወሬ የለም

ባላምባራስ ይመር በከዘራቸው የጋራዡን በር ገፋ አድርገው ሲገቡ፣ የጋሼ ወንድይራድ ማንኪያ ባሩድ እንደያዘች አየር ላይ ነበረች። ጋሼ ብድግ አሉ። ማንኪያዋን ወደ ጣሳው መለሱ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታውን ጀመሩ። እኔም ከተገለበጠው የወተት ሣጥን ላይ ተነሥቼ የባላምባራስን ጉልበት ሳምኩና ወደ ጥጌ ተመለስኩ። ዓይኔ ግን ባዶ ቀለሃዎቹ የቆሙበት ጣውላ ላይ ቀረ።

ልጅ ነበርኩ ያኔ። ሎስ አንጀለስ ከገባን ገና ብዙም አልቆየንም። አባቴ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ሻንጣ ይሸከም ነበር፤ ተራው የማታ ስለሆነ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ሰው የለም። ሶ፣ ጋሼ ጋ አመሽ ነበር። ጋሼ የሚኖሩበት የፌርፋክስ መንገድ ያኔ ዛሬ የምታውቁት ፌርፋክስ አይደለም። የኛ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ምግብ ቤት የለንም፣ ሱቅ የለንም። ጋሼ ከመንገዱ ገባ ብሎ ካለ ቤት ጓሮ ጋራዥ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አገር ቤት ወታደር ቤት ውስጥ ጠመንጃ ይጠግኑ ነበር፤ እዚህ ኢንግልዉድ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሽጉጥ ተኩስ ይወዳደራሉ። ፈረንጆቹ ስማቸውን ማለት ስላቃታቸው «ዋንዲ» ይሏቸው ነበር። «ግድ የለም፤ ኢላማው ስሜን አሳምሮ ያውቀዋል» ይላሉ እሳቸው።

የፋብሪካ ጥይት አይተኩሱም። «እሱ ለማንም የተሠራ ነው። የኔን ሽጉጥ ጠባይ የማውቀው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። የተተኮሰውን ቀለሃ ሰብስበው ያመጣሉ፣ ያጥባሉ፣ እስኪያበራ ይወለውላሉ፤ ከዚያ እንደ አዲስ ይሞሉታል። የጥይቱ ጫፍ የሚሆነውን እርሳስ የሚለምኑት ከጎማ ቤት ነው። ጎማ ሲዞር እንዳያንቀጠቅጥ ቸርኬው ጠርዝ ላይ የምትሰካ ቁራጭ አለች አይደል፤ እሷን በከረጢት ይዘው ይመጣሉ። አመሻሽ ላይ ከጋራዡ በስተኋላ ከሰል ያቀጣጥሉና በብረት ድስት ያቀልጡታል።

ተረት የሚነገረው ያኔ ነው። እርሳሱ እስኪቀልጥ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም፤ ፍሙ ከሥር ይቀላል፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ግራጫ ነገር ሳታስበው እንደ መስተዋት ይሆናል፣ ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ሰው የላከላቸውን የጧፍ ቁራጭ ጣል ያደርጉበታል፣ ጭሱ ቡልቅ ይላል፣ ቆሻሻው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ እኔ ደግሞ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አልነሣም፣ ምክንያቱም ከተነሣሁ ተረቱ ያመልጠኛል። የጎረቤት መኪናዎች በጓሮው መንገድ ሲያልፉ መብራታቸው የጋሼ ፊት ላይ ያርፍና ይሄዳል። ጋሼ ግን አያቋርጡም።

አንዷን ዛሬም እንደነገሩኝ አድርጌ መናገር እችላለሁ። ጅብ በኃጢአቱ ተጸጽቶ ጾም ያዘ አሉ። ሥጋ ላይበላ ምሎ በጫካ ሲሄድ ፍየል እግሯ ድንጋይ መሃል ተይዞ አገኛት። ዝም ብሎ ሊያልፍ ነበር። ፍየሏ ግን ፈራችና ትለፈልፍ ጀመር። «አያ ጅቦ፣ እኔኮ እንዳንተው ጾመኛ ነኝ! ከተወለድኩ ሥጋ በአፌ አልዞረም፣ ቅቤ አላውቅም፣ ከቅጠል በቀር የቀመስኩት የለም» አለችው። ጅብ ቆም ብሎ አሰበ። «ከቅጠል በቀር ካልበላሽ፣ ሁለመናሽ ቅጠል ነው ማለት ነው። እንግዲያማ የጾም ነሽ» ብሎ በላት።

እኔ ስስቅ ጋሼ አይስቁም። እርሳሱን በጭልፋ እያማሰሉ፣ «አየህ ሙሉ» ይሉኛል፣ «ዝም ብትል አልፏት ይሄድ ነበር። ሰውን የሚያስበላው አፉ ነው።»

ተረቱ ሲያልቅ ፍሙን አመድ ያለብሱትና ወደ ውስጥ እንገባለን። ከዚያ በኋላ ባሩድ ነው። ባሩድ ላይ ወሬ የለም። ቀለሃዎቹ ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ፤ ጋሼ በማንኪያዋ እያንዳንዷን ባሩድ ያጠጣሉ። ለውድድር የሚሠራ ጥይት ባሩዱ ትንሽ ነው፣ ቀለሃዋ ቂጥ ላይ ነው የሚቀረው። ሁለቴ ብታጠጣትም አትሞላም፣ አይፈስባትም። ከላይ ስታያት እንደ ሌሎቹ ናት፤ ስትተኮስ ግን ሽጉጥ ታፈነዳለች። ለዚህ ነው ሕግ የነበራቸው። አንድ ነገር ካቋረጣቸው ሁሉንም ገልብጠው ወደ ጣሳው ይመልሱና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የጎረቤት ድመት ጠረጴዛው ላይ የዘለለች ዕለት እንኳ ገልብጠው እንደ አዲስ ሲጀምሩ አይቻለሁ።

ለድመት ያደረጉትን ለባላምባራስ ማድረግ አልቻሉም።

ባላምባራስ ከአገር ቤት በቅርቡ ነበር የመጡት፤ ልጃቸው ጋ ነው ያረፉት። ጋሼን በወጣትነታቸው ዋስ ሆነው ወታደር ቤት ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ሰላምታው አጭር አይሆንም። ጤናዎ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆች፣ ደኅና፣ መንገዱ፣ ክረምቱ፣ ከብቱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባላምባራስ ያለችውን አንድ ወንበር ያዙና ጣውላውን በከዘራቸው ጫፍ አሳዩ።

«ምንድን ነው ይሄ ወንድይራድ? ምስር ልትዘራ ነው?»

«ጥይት ነው ባላምባራስ። የነገ ውድድር ነው።»

«ከማን ጋር ነው ጠባችሁ?»

«ከወረቀት ጋር።»

«ወረቀት!» ባላምባራስ በሣቅ ፈረሱ። «ወረቀት ምን በደላችሁ? ጎሽ አለ፣ ነብር አለ፤ ወረቀት ገድለህ ምን ብለህ ልትፎክር ነው?» ከዚያ ዞር ብለው የጋሼን ፊት አዩ። «ሥራ አስፈታሁህ መሰለኝ። ሌላ ቀን ልምጣ?»

«ኧረ ምን ሲሆን! ጨርሻለሁ እኮ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

አልጨረሱም ነበር። ባሩዱን ቢገለብጡት ግን «ያበላሹብኝ እርስዎ ነዎት» ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያለ ቃል ይሰማል። ጋሼ ማንኪያዋን አነሡ። ባላምባራስ ስለ ጎሽ አደን እያወሩ፣ ጋሼ «እህ» እና «ወይ ጉድ» እያሉ፣ ማንኪያዋ ወረደች። እኔ አየኋት። ከቆሙበት አልነበረም የጀመሩት፤ አንዲት ቀለሃ ወደ ኋላ ተመልሰው ነው። የጠጣችውን ደገሟት።

አፌን ከፈትኩ። ልጅ ትልቅ ሰው ሲያወራ አይገባም። ባሩድ ላይ ወሬ የለም። አፌን ዘጋሁ። በኋላ በባትሪ ሲያዩ ያገኟታል አልኩ። ሁልጊዜ እርሳሱን ከመትከላቸው በፊት ጎንበስ ብለው በባትሪ ብርሃን የቀለሃዎቹን ሆድ አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ያን ዕለት ባትሪዋ ከመስኮቱ ላይ አልተነሣችም። እንዲያ ለማየት ለባላምባራስ ጀርባ መስጠት ነበረባቸው። እርሳሱን ተከሉ፣ እርሳሱን ወደ ውስጥ የሚጫነውን መሣሪያ እጀታ ሳቡ፣ ጥይቶቹን በሣጥን ደረደሩ። ከዚያ በኋላ የቷ እንደሆነች እኔም አላውቃትም።

በማግሥቱ ማለዳ መኪናውን ጋሼ ይነዱ ነበር፤ ባላምባራስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የጥይቱ ሣጥን ጉልበቴ ላይ ነው። ተኩሱ ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ሥር ስለነበር መንገዱ ረጅም ነው። መስኮቱን ከፍቼ ልወርውረው አሰብኩ። መኪናው ውስጥ ረሳሁት ልል አሰብኩ። ጋሼ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ያን ቀን ጥሩ ከተኮሱ የተኩስ ክለቡ በቡድኑ ውስጥ ሊያስገባቸው ነው፤ ከፈረንጆቹ ጋር እኩል፣ ሌላ ከተማ ሄደው ሊወዳደሩ ነው። ይሄን ለባላምባራስ ሲነግሩ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር። ብናገር ጥይቱ ሁሉ ይጣላል፣ ቡድኑ ቀረ። ብናገር ደግሞ ባላምባራስ እዚያው ናቸው፤ «እርስዎ ሲመጡ ነው የተበላሸው» ማለቴ ነው።

ባላምባራስ በመስተዋቱ አዩኝ። «ይሄ ልጅ ዲዳ ነው እንዴ?»

«የተባረከ ልጅ ነው» አሉ ጋሼ። «አይለፈልፍም።»

ያ ምስጋና አፌን ሰፋው።

ቦታው ደርሰን ጋሼ ከተኳሾቹ ተርታ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ሽጉጣቸውን አጎረሱ። የዚያ ውድድር ደንብ በአንድ እጅ መተኮስ ነው፤ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ባላምባራስ ከኋላ ሆነው፣ «ሌላው እጅህን ምን አገኘው? ለምሳ አስቀመጥከው?» አሉ፤ ጋሼም ሳይዞሩ ሣቁ። ከዚያ የጆሮ መሸፈኛውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። ከጀርባቸው ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ አንዷ ሁለቴ የጠጣች ናት» አልኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ትከሻቸው ትንሽ የተነቃነቀ መሰለኝ፤ ሽጉጡን ሲያነሡ ይሆናል። የተኩሱን መስመር የሚጠብቀው ሰው ወደ ኋላ መለሰኝ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የማይረዳኝ። ብዙ ሰው ዝም በማለቴ የምጸጸት ይመስለዋል። ዝምስ አላልኩም። ቃሉ ጠዋትም አፌ ውስጥ ነበር፣ መኪና ውስጥም ነበር። ጆሯቸው እስኪሸፈን ድረስ የያዝኩት እኔ ነኝ። ተናግሬአለሁ እንድል እንጂ እንዲሰሙ አልተናገርኩም። ለዚያ ዕድሜ ይሄን ተንኮል ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች መሃሉ ላይ ገቡ። ባላምባራስ «ጎሽ!» እያሉ ነበር። ከዚያ አንዱ ተኩስ ሽጉጡን ከላይ በኩል ፈነቀለው። ጋሼ አልጮኹም። እጃቸውን ፊት ለፊታቸው ይዘው የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው አዩት። ባላምባራስ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉላቸው፤ ነጩ ወዲያው ሌላ ሆነ። «የፈረንጅ ብረት!» ይሉ ነበር እያለቀሱ፣ «እኔ ድሮም የፈረንጅ ብረት አላምንም!»

ጋሼም፣ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ «ልክ ነዎት ባላምባራስ» አሏቸው። «ብረቱ አርጅቶ ነው።»

አውራ ጣታቸውና አመልካች ጣታቸው ተቆርጠው ቀሩ። ቡድኑም ቀረ። ሆስፒታል ከአባቴ ጋር ሄጄ ነበር፤ የጠየቃቸውን ሁሉ «ብረቱ ነው» ይሉ ነበር። ባላምባራስ አገር ቤት እስኪመለሱ፣ ከዚያም በኋላ፣ ከዚህ ሌላ ቃል ከጋሼ አፍ አልወጣም። ከዳኑ በኋላ ኢንግልዉድ ወደ ፓርኪንጋቸው ተመለሱ። የጥይት መሥሪያውን ሸራ አልብሰው ጥግ አስቀመጡት። ከሰሉን ግን አንዳንድ ምሽት ያቀጣጥሉት ነበር፤ ምንም የሚቀልጥ ሳይኖር፣ እንዲሁ። «ና ሙሉ፣ አንዲት ተረት መጥታልኛለች» ብለው በአባቴ ይልኩብኝ ነበር። እኔ የቤት ሥራ አለብኝ እላለሁ። የቤት ሥራ እንደማልሠራ አባቴም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ቀስ እያለ መላኩ ቀረ። ከጣታቸው ይልቅ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው፤ ያ ሰው ባዶ እሳት አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ተረቱን ለማን ይነግር ነበር?

ትምህርቱ አልሆነልኝም። ካብ ነዳሁ፣ ታክሲ። ተሳፋሪው «ዝምተኛ ሾፌር ነህ» ይለኛል። ልጆቼም ተረት አልነገርከንም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ አንዱን ስጀምር የጧፉ ጭስ ይመጣብኛል። አንድ አመል ግን ተጣብቆኝ ቀረ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም አጠገቤ የቆመው መኪና ጎማው ጎድሎ ካየሁ፣ መስኮቴን አውርጄ እጮኻለሁ። ሬዲዮ ከፍቶ የማይሰማኝ ከሆነ ወርጄ መስኮቱን አንኳኳለሁ። ተሰድቤ አውቃለሁ። አንዷ ሴትዮ ፖሊስ ልጥራ ብላኛለች። ኦኬ፣ ትጥራ። እስኪሰሙኝ አልሄድም።

ጋሼ ካረጁ በኋላ ሌላ ስቴት ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው ሆነና ኤርፖርት የሚያደርሳቸው ሰው ተፈለገ። እኔ አደርሳቸዋለሁ አልኩ። ኤርፖርቱ ስንደርስ ሻንጣቸውን አውርጄ በሩ ድረስ ወሰድኩላቸው፤ በዚያ በጎደለ እጃቸው ትከሻዬን ያዙኝ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ተኩሱ ላይ…» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባ እየነፋ ነበር፤ ጋሼም አላስጨረሱኝም። ያሉኝ እውነት ይሁን ለኔ አዝነው፣ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም፤ ከዚያ በኋላም አላገኘኋቸውም።

«ሰምቼሃለሁ እኮ ልጄ» አሉ። «ባላምባራስ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ምን ላድርግ?»