የእህቴ ባል ሳል

የእህቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈርተኛው ግን በሙያው አይጠራውም፤ «ጋሽ እህህ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ ወሬው ነው።

ጎረምሳ ሳለ ለሙዚቀኞች ከበሮ ይሸከም ነበር። አንድ ቀን ሸክላ የሚቀረጽበት ክፍል ድረስ ተሸክሞ ገባ፤ «እዚያ ጥግ ቁም፣ ትንፍሽ እንዳትል» አሉት። ዘፋኙ ሁለተኛውን ስንኝ ጨርሶ አየር ሲስብ ግን የእህቴ ባል ሳለ። ሸክላው ከነሳሉ ታትሞ አገር ምድሩን አዳረሰ። እንግዲህ ይህን የሚለው እሱ ነው። እህቴንም ያግባባት በዚሁ ነው፤ «ድምፄ ሸክላ ላይ አለ» አላት፤ እሷም ዘፋኝ ያገባች መስሏት እሺ አለች።

ችግሩ ሳሉን ከእሱ በቀር የሰማ የለም። ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ ጎን፣ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ አለው። ያችን ዘፈን ባጫወተ ቁጥር መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ ላይ ያነሳና «እቺ ጋ! እቺ ጋ!» ይላል። መርፌው አርጅቷልና እኛ የምንሰማው ዘይት መጥበሻ ላይ ሲንጫጫ ነው።

እኔ በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩ ሰሞን የሸክላውን ልባስ ይዞ መጣ። «እትዬ፣ እስቲ ስሜን ፈልጊልኝ።» በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የዘፋኙ ስም አለ፤ የከበሮ መቺው አለ፤ ያሳተመው ሰውዬማ ሁለት ቦታ ተጽፏል። የእሱ የለም።

«የሳለ ሰው ስም ይጻፋል እንዴ?» አለች እህቴ ከጓዳ። «አንተ ሰውዬ፣ በውሸት ነው ያገባኸኝ!»

ይህን ሁሌም እየሳቀች ነው የምትለው። እሱም አብሯት ይስቃል። ከዚያ በኋላ ግን ፎጣ እያጠፈ መልሶ ሲፈታ፣ የፈታውን ደግሞ ሲያጥፍ አየው ነበር። አንድ ቀን እሷ በሌለችበት «እትዬ፣ ሳታምነኝ ብሞትስ?» አለኝ። ቀልዱ ለእሱ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አንድ ጠዋት እህቴ አቧራ ስትጠርግ ጨርቋ መርፌው ላይ ተያዘ፤ ሳብ ስታደርገው ቀጭ አለ።

«ማስረጃ አጠፋሽ!» አለ ባሏ።

«የሌለ ነገር አይጠፋም» አለች።

ወጥቶ አዲስ ካርትሪጅ ገዛ። ካርትሪጅ የሚሏት ከማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የምትታሰር፣ መርፌዋን የምትይዝ ትንሽ ራስ ናት። ባለሱቁን «ከሁሉ ለስላሳዋን ስጠኝ» አለው። ሰላሳ ዓመት ጺም የላጨ ሰው ለስላሳ ነገር የማይጎዳ ይመስለዋል። አስገጥሞ ቢያጫውት ክንዱ እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዝ ጀመር። ሸክላው መስኮት ዳር ፀሐይ መትቶት ትንሽ ተጣሟል። እጥፋቱ ላይ ሲደርስ መርፌዋ ዘለለች፤ የት ብታርፍ ጥሩ ነው፣ ከሁለተኛው ስንኝ ወዲያ፣ ሳሉን አልፋ! እህቴ መጥረጊያዋን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሬዲዮ ጠጋኙ ተጠርቶ መጣ። ክንዱን በጣቱ አንስቶ መዘነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ክንድ እኮ ብረት ነው። ካርትሪጇ ደግሞ መርፌዋን የያዘችበት ሞላ ልል ነው። ወፍራም ሰው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ አይተው ያውቃሉ? ይሰምጣል፣ ይነሳል፣ ይሰምጣል። ለቀላል ክንድ ብትሆን እሰየው ነበር። ለከባድ ክንድ ጠጠር ያለች ነው የምትሻለው።»

«ስጠኛ!»

«የለኝም።»

ይሄኔ የእህቴ ባል ጠጣሯን እንድትፈልግለት ሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ለሆነችው ልጁ ደወለ። አጠገቡ ነበርኩና እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

«ልጄ፣ ክንዱ ከብዶ አስቸገረኝ።»

«የቱ ክንድ አባዬ? ቀኙ ነው ግራው?»

«የቀኙ ነዋ! ግራ ክንድ የት አለው?»

«እንዴ! መርፌ ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ፤ ለስላሳው አልሆነም። ብሶበት ይንቀጠቀጣል። ጠንካራ መርፌ ነው የሚያስፈልገው ብሎኛል።»

«ማነው ያለህ?»

«ሬዲዮ ጠጋኙ!»

ስልኩ ውስጥ ጩኸት ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ። «ደስ ብሏት ነው» አለኝ።

በማግስቱ ልጅቱ የደም ግፊት መለኪያዋን አንጠልጥላ፣ አንድ ነጠላ ጫማና አንድ ሽፍን ጫማ አድርጋ ከተፍ አለች። አባቷ በሁለቱም እጁ የአንዱን ደንበኛ ጉንጭ አረፋ ይቀባል።

«አባዬ፣ እጅህን አንሳ!»

አነሳ።

«ሌላውን!»

እሱንም አነሳ። «ምን ሆነሻል? ዘረፋ ነው?»

ነገሩ ሲገለጥላት እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አደረጋት። ግፊቱን ግን ለካች፤ መንገዱ በከንቱ እንዳይቀር ነው መሰለኝ። አባቷ ክንዱን እንዳስያዘ «ታዲያ መርፌዋን ሳትይዢ ባዶ እጅሽን መጣሽ?» አይላት መሰላችሁ!

ንዴቷን የምታሳርፍበት ስታጣ ተሻግራ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሄደች። «አባቴን መርፌ የምትወጋው አንተ ነህ?» ስትል ድምጿ እኛ ዘንድ ተሰማ። ሰውዬው ክስ የመጣበት መስሎት፣ የለኝም ያለውን ሁሉ ሲያገላብጥ፣ ከተጣለ የትምህርት ቤት ማጫወቻ ላይ አንዲት ጠጣር ካርትሪጅ አገኘ። መርፌዋ ብዙም አልተነካችም። ራሱ ይዟት መጣ፤ አሰራት፤ ከክንዱ ኋላ ያለችውን ክብደት ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ አዙሮ አስተካከለ።

የእህቴ ባል ሸክላውን በፎጣ ጠረገ። ጉንጩ በአረፋ እንደተለበጠ የቀረው ደንበኛ አልሄደም። እህቴ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆመች።

ክንዱ እጥፋቱን እንደ ጨዋ ሽማግሌ ዝግ ብሎ ወጣ፤ ዝግ ብሎ ወረደ። ዘፋኙ ሁለተኛውን ስንኝ ጨረሰ፤ አየር ሳበ። ከዚያ ከኋላው፣ ከጥግ፣ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

«ሰማችሁ!» አለ የእህቴ ባል።

ልጅቱ አፏን ይዛለች። ሬዲዮ ጠጋኙ ጫማውን ያያል።

«ድገመው እስቲ» አለች እህቴ።

ደገመው። ጆሮዋን አቅርባ ሰማች።

«ይሄ ሳል አይደለም።»

«ምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«ግሳት ነው!» አለች። «መጀመሪያ ጎርነን፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት። ይህን ግሳት ከሺህ ወንድ መሀል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከጎኑ ተኝቻለሁ!»

«ሳል ነው!»

«እሺ። ሳል ከሆነ የሌላ ሰው ነው። ግሳት ከሆነ ያንተ ነው፤ እኔው ራሴ ምስክር ነኝ። ምረጥ።»

እኔን አየኝ። እንዳልስቅ ጣሪያውን አየሁ። ደንበኛው እንኳ በመስተዋቱ በኩል አፍጥጦ ይጠብቃል።

የእህቴ ባል ክንዱን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ አንስቶ ቦታው መለሰው።

«ምሳ በልቼ ነበር የሄድኩት» አለ።

እህቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሄዳ ትከሻውን ያዘች። «አንተ! ያኔ እኮ ‹ሸክላ ላይ ያገሳሁት እኔ ነኝ› ብትለኝ አላገባህም ነበር!»

«ለዚህ እኮ ነው» አለ ምላጩን እያነሳ፣ «ሳል ያልኩሽ።»